«ስትቸገሩ ብቻ ነው የምትደውሉት»

ናይሮቢ፣ ካኩማና ካምፓላ ያላችሁ፤ ከዚህ አልፋችሁ ካናዳ፣ አሜሪካና ጀርመን የገባችሁ፤ ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት እየሠራችሁ ከደመወዛችሁ የምትቆርሱልን እህቶቼ፤ ጽሑፉ ይረዝማል። ዛሬ ካልተመቻችሁ ሴቭ አድርጋችሁ እሑድ አንብቡት።

ማኅበራችን የደጋፊዎቹን መዝገብ ከደብተርና ከዋትስአፕ አውጥቶ በሶፍትዌር መያዝ መጀመሩን በጻፍኩ ማግስት ሁለት ዓይነት መልስ መጣልኝ። እዚሁ ኢስሊ የሚኖር ወንድሜ «ለ80 ደጋፊ ምን ሶፍትዌር ያስፈልጋል? ቢሮ እንኳ ሳይኖረን ትልቅ ኤንጂኦ ለመምሰል ነው እንዴ?» አለኝ። ሚኒሶታ ያለች እህታችን ደግሞ «ከእንግዲህ የሚያመሰግነን ኮምፒዩተር ነው ማለት ነው?» ብላ ጻፈች። ሁለቱም የልባቸውን ነው የተናገሩት። ጉዳዩ የእኛ ማኅበር ብቻ ስላልሆነ መልሴን በአደባባይ ላድርገው።

ሲአርኤም የሚሉት ሶፍትዌር በቀላሉ የሰዎች መዝገብ ነው። ማን ረዳን፣ መቼ፣ ለየትኛው ጉዳይ፣ ከእኛ ማን አነጋገረው፣ ምን ቃል ገባንለት። ታስክ ቴምፕሌት ደግሞ እዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀመጥ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። አዲስ ሰው ገንዘብ ሲልክ ቴምፕሌቱን በስሙ ላይ ትከፍቱታላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ሥራዎቹን ለየባለቤታቸው ከነቀናቸው ያድላል። ቀኑ የሚቆጠረው ገንዘቡ ከገባበት ዕለት ነው፤ በዚያው ቀን ይህ፣ በ2ኛው ቀን ያ፣ በ30ኛው ቀን ደግሞ ሌላው እያለ ይሄዳል።

ይህ እንግዳ ነገር ከመሰላችሁ የሐዘን ቤታችንን አስቡ። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ሁሉም ከዕለቱ ይቆጠራል፤ በየቀኑም ማን ምን እንደሚያዘጋጅ ይታወቃል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱም እናትየው ማስታወሻ የሚልክላት አትፈልግም። እድራችንም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲሞት ዳኛው ስብሰባ ጠርቶ «ድንኳን ያስፈልግ ይሆን?» አይልም። ጡሩምባ ነፊው ይነፋል፣ ዕቃ ቤቱን የሚከፍተው ይከፍታል፣ ድንኳን ተካዮቹ ይተክላሉ፣ ገንዘብ ያዡ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ይዞ ይመጣል። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ማንንም መለማመጥ የለበትም። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ታስክ ቴምፕሌት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አገር ቤት የእድሩ ጸሐፊ 30 ዓመት እዚያው ሰፈር ይቀመጣል፤ ደንቡ ቢጠፋ እንኳ እሱ አለ። እኛ ግን ሄያጆች ነን። የማኅበራችሁ ጸሐፊ የበረራ ቀኑ ከተነገረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሄድ ይችላል። እሰየው፣ ሁላችንም የምንጸልየው ለዚያ ነው። ነገር ግን አብሮት የሚሄደውን ቁጠሩ፤ ስልኩ፣ በስልኩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች፣ የትኛዋ እናት በድምፅ መልእክት እንጂ በጽሑፍ እንደማይሆንላት፣ የትኛው አጎት «በየስድስት ወሩ አስታውሱኝ» እንዳለ። የኬንያ ሲም ካርዱ ውሎ አድሮ ዝም ይላል። የሚቀረው ሰውም ቢሆን ስለ ነገ እርግጠኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የሰፈራ ፕሮግራም ሲቆም ቤታቸውን ለቀው፣ ዕቃቸውን ሸጠው በረራ ሲጠብቁ የነበሩ ወገኖች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ከእነሱ መካከል የማኅበር ሥራቸውን አስረክበው የጨረሱ ነበሩ፤ ለማን እንዳስረከቡ እንኳ ማስታወስ ያቃታቸው አሉ።

አንድ የማውቀው ማኅበር ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት እናት ለሁለት ዓመት የሁለት ልጆችን የትምህርት ቤት ወጪ ስትከፍል ቆየች። የሚያገናኛት ልጅ ካናዳ ሄደ። በዋትስአፕ «ልጆቹ እንዴት ናቸው? አለፉ?» ብላ ጻፈች፤ መልስ የለም። ደግማ ጻፈች፤ ዝም። ሁለቱም ልጆች ጥሩ ውጤት አምጥተው አልፈው ነበር፤ ካርዳቸው ማኅበሩ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከአራት ወር በኋላ አዲሱ ጸሐፊ ቁጥሯን ከዘመድ አፈላልጎ ሲደውልላት ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አላነሳችም። «ልጆቹ ይኑሩ ይሙቱ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» አለች። በዚያ መሃል ልጆቹ አንድ ተርም ሙሉ ቤት ተቀምጠዋል። ማንም አልበደላት፣ ማንም አልሰረቃት። የሁሉም ሥራ ስለነበረ የማንም ሥራ አልሆነም።

ከውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በየጊዜው የሚሉት «ስትቸገሩ ብቻ ነው የምትደውሉት» የሚለው ወቀሳ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ በኩል ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ችግር ራሱ ያስታውሳል፤ ሆስፒታል የገባ ሰው ሲኖር ማንም ቴምፕሌት አያስፈልገውም፣ ሁላችንም ስልክ እናነሳለን። ሰውየው ድኖ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን የሚቀሰቅሰን የለም። ስለዚህ ቴምፕሌት የምንፈልገው ለመለመን አይደለም፤ ለዚያ ጎበዞች ነን። የምንፈልገው ከለመንን በኋላ ላለው ጸጥ ያለ ጊዜ ነው።

የእኛ «አዲስ ደጋፊ» ቴምፕሌት አራት ሥራ ብቻ አለው። ገንዘቡ በገባ ዕለት ገንዘብ ያዡ መድረሱን ይጽፋል፤ ከዚያ ስንት ዶላር ወይም ዩሮ እንደተነሳ፣ የማስተላለፊያው ተቆርጦ ኤም-ፔሳ ላይ ስንት ሺልንግ እንደገባ። ይህንን ቁጥር መደበቅ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን ደጋፊው በመንገድ የሚጠፋውን ቢያውቅ ርካሽ መንገድ ይፈልጋል ባይ ነኝ። በ2ኛው ቀን ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይደውላል፤ ያመሰግናል፣ ከዚያም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ በምን እናግኝዎት፣ ምን ብለን እንጥራዎት። በ30ኛው ቀን ገንዘቡ ምን እንደሠራ ይነገራል፤ ዩኒፎርም ከተገዛ ዩኒፎርም፣ መድኃኒት ከተገዛ መድኃኒት። አራተኛው ሥራ እንደገና መጠየቅ ነው። እሱም የራሱ ቀን የለውም፤ ቀኑ የሚቆጠረው የሦስተኛው ሥራ «ተሠርቷል» ተብሎ ከተዘጋበት ዕለት ነው። ሪፖርት ያላደረግንለትን ሰው አንጠይቅም። ብዙ ሶፍትዌሮች ይህንን ያውቁታል፤ ሴልስፎርስ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ባወጣው ጥቅል ውስጥ ኢንጌጅመንት ፕላን የሚባለው፣ በሲቪሲአርኤም ደግሞ የጉዳይ የጊዜ ሰሌዳው አንዱን ሥራ ከሌላው እንድታስጠብቁ ያስችላሉ።

ወንድሜ «ለ80 ሰው?» ላለኝ፣ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ለትልልቅ ድርጅቶች የተዘጋጀ አንድ የናሙና ቴምፕሌት አይቻለሁ፤ ለአንድ ደጋፊ 9 ሥራ ነበረው። 9 በ80 ሲባዛ 720 ነው። እኛ ሦስት በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ለእያንዳንዳችን 240 ማለት ነው። ሁላችንም ቀን ቀን ሥራ ፍለጋ እንወጣለን፤ የኢንተርኔት ባንድል የምንገዛው ከኪሳችን ነው። በሁለተኛው ወር ስክሪኑ ቀኑ ባለፈበት ሥራ ቀይ ሆኖ ይሞላል፤ ቀዩን ማየት የሰለቸ ሰው ደግሞ ሳይሠራ «ተሠርቷል» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ መዝገቡ ከነአካቴው ውሸት ይሆናል፤ ባይኖር ይሻላል። በአራት ሥራ ግን 320 ነው፤ ያውም ሁሉም ደጋፊ በአንድ ቀን ስለማይመጣ በዓመት ውስጥ ይበተናል። ቴምፕሌት ስትጽፉ መጀመሪያ የእጃችሁን ብዛት ቁጠሩ።

በዚያ ናሙና ውስጥ «የልደት ቀን መልካም ምኞት» የሚል ሥራም ነበር። እስቲ ይታያችሁ! ግማሾቻችን ስንመዘገብ የልደት ቀናችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎልናል። ከደጋፊዎቻችን ብዙዎቹ በስደት የሄዱ ስለሆኑ በፈረንጅ አዲስ ዓመት ጠዋት ሁሉንም «እንኳን ተወለዱ» ስንል ልንውል ነው። ይልቅ ለእኛ ሰው ትርጉም ያላቸውን ቀኖች አስገቡ፤ እንቁጣጣሽን፣ ገናን፣ ፋሲካን፣ ዒድን። ፋሲካና ዒድ በየዓመቱ እንደሚዘዋወሩ፣ እንቁጣጣሽም በአንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ እንደሚውል ሶፍትዌሩ አያውቅም። ስለዚህ ቀኖቹን በየዓመቱ መጀመሪያ በእጁ የሚያስተካክል አንድ ሰው መመደብ አለበት።

የትምህርት ቤቱም ጉዳይ የራሱ ቆጠራ አለው። የኬንያ የትምህርት ዓመት ጃንዋሪ ጀምሮ በሦስት ተርም ይከፈላል፤ አገር ቤት ያደጉ ደጋፊዎቻችን ግን ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው ብለው ያስባሉ። በዲሴምበር መጨረሻ ድንገት «ልጆቹ ሊባረሩ ነው» ብሎ መጮህ ሰውን ያስበረግጋል፤ ያውም የገና ወጪ ባራቆተው ወር። ተርሙ ከሚከፈትበት ቀን ወደኋላ ስድስት ሳምንት ቆጥሮ በእርጋታ መንገር ይቻላል። ይህ ሥራ በቴምፕሌት ከገባ አስታዋሽ አይፈልግም።

አሁን ወደ ሚኒሶታዋ እህቴ ልምጣ። የምትፈሪው ነገር በእርግጥ አለ። ሶፍትዌሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጽፎ በራሱ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ አንዳንድ ድርጅቶችም ያደርጉታል። እኛ ያንን ዘግተነዋል። ቴምፕሌቱ የሚያስታውሰው እኛን ነው፤ ወደ አንቺ የሚመጣው ድምፅ የሰው ነው። ይህንን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ አማርኛችን ራሱ አይፈቅድም። በእንግሊዝኛ «ታንክ ዩ» ለሁሉም ይበቃል። እኛ ዘንድ «አመሰግንሃለሁ»፣ «አመሰግንሻለሁ»፣ «አመሰግንዎታለሁ» አለ። የ65 ዓመት እናት «አመሰግንሻለሁ» የሚል የተባዛ መልእክት ሲደርሳቸው ምስጋናው ስድብ ይሆናል። ስሙም ቢሆን ችግር ነው፤ ሶፍትዌሩ የኋለኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ «ውድ ሚስተር አበበ» ብሎ ይጽፋል። አበበ ግን የሰውየው አባት ናቸው፤ ምናልባትም ያረፉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደጋፊ መዝገብ ላይ «አጠራር» የሚል ሳጥን ጨምረናል፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ሐጂ፣ ወይም ሰውየው የወደደው የቤት ስም። የሚደውለው ልጅ ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ያንን ያያል።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሚኒሶታ ከናይሮቢ በበጋቸው 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው 9 ሰዓት ወደኋላ ነች። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «ሥራዬን ልጨርስ» ብሎ የሚደውል ትጉህ ልጅ እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሰው ይቀሰቅሳል። ሌሊት ከአገር ቤት ወይም ከስደት ስልክ ሲመጣ የምናስበው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ለምስጋና ተብሎ ሰው ልቡ መቆም የለበትም። ሶፍትዌሩ 9:00 ሲልም በእኛ 3 ሰዓት ማለቱ እንደሆነ ለአዲስ ገቢዎች መንገር ያስፈልጋል። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን የምትደውሉለት ሰው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ያለችው ክፍት ሰዓት አንዷ ናት።

ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቁ የምፈልገው ለዐረብ አገር እህቶቻችን ነው። በከፋላ ሥር የምትሠራ ልጅ ስልኳ በማዳሟ እጅ ሊሆን ይችላል። «በ2ኛው ቀን ደውል» የሚል ሥራ ለእሷ ምስጋና አይደለም፤ ስልኳን ሊያስነጥቃት፣ ከዚያም የከፋ ሊያመጣባት ይችላል። ሲአርኤሞች ብዙውን ጊዜ «በስልክ አታግኙ» የሚል ምልክት አላቸው፤ ሲቪሲአርኤም ለስልክ፣ ለኢሜይልና ለአጭር መልእክት ለየብቻ አለው። ለእነሱ ያንን ምልክት አስቀድማችሁ አድርጉ፤ ራሷ በነፃ ቀኗ እስክትጽፍ ጠብቁ። በእኔ አስተያየት ይህ ምልክት ከሌለ ቴምፕሌት ባይከፈት ይሻላል።

ገንዘብ መላክ ያቆመ ሰውስ? እሱም የራሱ ቴምፕሌት አለው፤ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ደውሎ ደኅንነቱን ይጠይቃል። ስለ ገንዘብ ማንሳት ክልክል ነው፤ በቴምፕሌቱ ላይ ራሱ ተጽፏል። ሰውየው ከሥራ ተቀንሶ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ የራሱን እናት አገር ቤት እያሳከመ ይሆናል። እሱ ሲረዳን ወገን፣ ሲያቆም ባዕድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ዝምድና አልነበረም። ደጋፊያችን ሐዘን ሲደርስበት የምንከፍተውም አለ፤ በሠልስትና በአርባ ይደወላል፤ አርባ በሃይማኖቱ ለሌለበት ቤተሰብ ያ ሥራ ይሰረዛል። ይህንን ከማንም ሶፍትዌር አልተማርነውም።

ስለ ምስጢር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ጽሑፉ ጉዳት ያደርሳል። የደጋፊ መዝገብ የስደተኛ መዝገብ አይደለም። የዩኤንኤችሲአር ፋይል ቁጥር፣ ሰው ከአገሩ የወጣበት ምክንያት፣ ሕመሙ፣ የሚኖርበት ቤት እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም። «የአንዲት እናት የሕክምና ወጪ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የደጋፊዎቹም ስም አደራ ነው፤ አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው የስደተኞች ማኅበር ረዳ ተብሎ ስሙ የትም እንዲዞር አይፈልግም። የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከ2019 ጀምሮ አለ፤ ሰው ስለ ራሱ የያዛችሁትን ማየት፣ ማስተካከልና እንዲጠፋ መጠየቅ መብቱ ነው። ሁሉም በየራሱ የይለፍ ቃል ይግባ። ከመካከላችን የሚሄድ ሰው ሲኖር የምንከፍተው «ተሰናባች» ቴምፕሌት የመጀመሪያ ሥራው የሰውየውን መግቢያ መዝጋት፣ ሁለተኛው በእጁ ያሉትን ክፍት ሥራዎች ለሌላ ማዛወር፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ለደጋፊዎቹ አዲሱን ሰው እንዲያስተዋውቅ ማድረግ ነው። ከመሸኛው ራት በፊት ይህ ይለቅ። ምሽቱ ላይ ማንም ልብ አይኖረውም።

ስለ ዋጋው ባጭሩ። ሲቪሲአርኤም በነፃ የሚገኝ ነው፤ ግን የሚያስቀምጡበት ሰርቨርና የሚጭንላችሁ ሰው ያስፈልጋል። ሴልስፎርስ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ድርጅቶች 10 የመጠቀሚያ ፈቃድ በነፃ ይሰጣል፤ ሕጋዊ ምዝገባ የሌለን ማኅበራት ግን እዚያ በር ላይ እንቀራለን። ከ50 ሰው በታች ከሆናችሁ አንድ የጉግል ሺት ይበቃችኋል፤ ስም፣ አጠራር፣ የሚመቸው ሰዓት፣ የመጨረሻ ግንኙነት፣ ቀጣይ ሥራ፣ የሥራው ባለቤት፣ ቀን። «የሥራው ባለቤት» የሚለው ዓምድ የሰው ስም ይኑረው፤ «ኮሚቴው» ተብሎ የተጻፈ ሥራ ፍራንክፈርት ያለችውን እናት ያስቀየመው ዓይነት ሥራ ነው።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ እናንተም አንድ ነገር አድርጉልን። የምትረዱት ማኅበር የትም ይሁን፣ የሚደውልላችሁን ልጅ «አንተ ነገ ብትሄድ ማን ነው የሚደውልልኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ደኅና። ከሌለው እንዲያዘጋጅ ንገሩት፤ ከእናንተ ሲመጣ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2025 የውጭ ዕርዳታ ከተቆረጠ ወዲህ ካኩማ የሚታደለው ራሽን ቀንሷል፤ ብዙ ቤተሰብ የቀረው ከእናንተ ጋር ያለው መስመር ነው።

አራቱን ቴምፕሌቶች፣ «አዲስ ደጋፊ»፣ «የቆመ ደጋፊ»፣ «ሐዘን» እና «ተሰናባች»፣ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌያቸዋለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልካለሁ። ወደ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ የሚመልስልን ሰው እየፈለግን ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ግን እባካችሁ እዚህ ኮመንት ላይ አትጻፉ።